ከሐዲዱ በፊት ሳሩ ነበር

የድሬዳዋ ታሪክ ሲወራ ሁሌም የሚጀመረው ከባቡር ነው። በ1895 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እዚህ ሜዳ ላይ ደረሰ፤ የሐረርን ተራራ መውጣት ከበደውና እዚሁ ቆመ፤ ጣቢያ ተሠራ፣ ከዚራ ቀጥ ባሉ ጎዳናዎች ተቀየሰ፣ ከደቻቱ ማዶ መጋላ ተስፋፋ፤ ለከተማዋም "አዲስ ሐረር" የሚል ስም ወጣላት። ስሙ አልጸናም እንጂ። ይህን ታሪክ የድሬ ልጅ የሆነ ሁሉ በእንቅልፍ ልቡ ይነግራችኋል። እኛም ደጋግመን አውርተነዋል፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ሰልችቶናል። ስለዚህ ዛሬ ጥያቄውን ወደ ኋላ እንግፋው፤ ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት ይህ ሜዳ ላይ ምን ነበር?

ሳር ነበር።

"ሳር ደግሞ ምን ታሪክ አለው?" የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። ትንሽ ታገሡን። የምናወራው ስለ ሳሩ ብቻ አይደለም። በሳር ሥር ላይ ተለጥፈው ስለሚኖሩ፣ በዓይን ስለማይታዩና ከአየር ላይ ማዳበሪያ ስለሚሠሩ ባክቴሪያዎችም ነው። ወሬው ከማሽላ እንጀራችን ይነሳና በየዓመቱ ለማዳበሪያ በምናወጣው ዶላር በኩል አልፎ ብራዚል የከብት ሜዳ ድረስ ይወስደናል። (ዓመታቱን የምንጠራው እንደ ፈረንጆቹ ነው፤ "ዓ.ም." ካልን ግን የእኛው አቆጣጠር ነው።)

ከድሬ በስተደቡብ ምዕራብ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ለገ ኦዳ የሚባል የዋሻ መጠለያ አለ። ብዙ ሰው የሚያውቀው በግድግዳው ላይ ባሉት የከብት ሥዕሎች ነው። ዴዝሞንድ ክላርክ የተባለው ስመ ጥር አርኪዮሎጂስት በ1970ዎቹ እዚያ ቆፍሮ ጥቃቅን የድንጋይ ስለቶች አወጣ። እሱና ፕሪንስ የተባለ ባልደረባው በ1978 ባሳተሙት ጥናት ስለቶቹን በማይክሮስኮፕ ሲመረምሯቸው፣ የአንዳንዶቹ ጠርዝ ላይ የተለየ አንጸባራቂ ልስላሴ አዩ። እንዲህ ያለ ልስላሴ የሚፈጠረው ሳር በተደጋጋሚ ሲታጨድ ነው፤ በሳር አገዳ ውስጥ ሲሊካ የሚባል መስታወት መሰል ነገር ስላለ ድንጋዩን እያሸ ያለሰልሰዋል። የታጨደው ሳር የዱር ነበር ወይስ የተዘራ እህል የሚለው አከራካሪ ነው። የማያከራክረው ግን የድሬ አካባቢ ሰው ከሳር ጋር ያለው ጉዳይ ከባቡር ጋር ካለው ጉዳይ በሺህ ዓመታት የሚበልጥ መሆኑ ነው።

ደግሞስ ማሽላ ምንድን ነው? ሳር ነው። ጤፍም ሳር ነው። ዳጉሳም እንደዚሁ። ሦስቱም በዕፅዋት ሊቃውንት መዝገብ ከግጦሽ ሳር ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ሦስቱም የዚህ አህጉር ተወላጆች ናቸው። እኛ አገር ሳር በልቶ የሚያድረው ከብቱ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ልጅ ሆነን ስንመጠው የነበረው ጥንቅሽም ያው የማሽላ አገዳ ነው።

አሁን ወደ ናይትሮጅን እንግባ። የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ተክል ደግሞ ያለ ናይትሮጅን ቅጠልም ፍሬም አይሠራም፤ ፕሮቲኑ የሚሠራው ከእሱ ነው። ግን አየር ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ተክሉ ሊነካው አይችልም። ሁለቱ የናይትሮጅን አተሞች በሦስት ክንድ ተቃቅፈው ስለተያያዙ በቀላሉ አይላቀቁም። በደቻቱ ዳር ውኃ ተጠምታ የቆመች ፍየል አስቡ፤ ውኃው አለ፣ አሸዋው ሥር ነው። እንደዚያ ነው።

ይህን እቅፍ መፍታት የሚችሉት ጥቂቶች ናቸው። መብረቅ ትንሽ ይፈታል። ጀርመናዊው ፍሪትዝ ሃበር በ1909 በቤተ ሙከራ ፈታው፤ ካርል ቦሽ ወደ ፋብሪካ ቀየረውና በ1913 ኦፓው የተባለ ቦታ ላይ ማምረት ተጀመረ። ዛሬ "ዩሪያ" ብለን በከረጢት የምንገዛው ናይትሮጅን የዚያ ዘዴ ልጅ ነው። ዘዴው 400 እና 500 ዲግሪ ሙቀት፣ ከአየር ግፊት 200 እጥፍ የሚደርስ ግፊትና ብዙ ጋዝ ይፈልጋል። ሦስተኞቹ ደግሞ ባክቴሪያዎች ናቸው። ያለ እሳት፣ ያለ ፋብሪካ፣ በተራ የአፈር ሙቀት ይፈቱታል። መሣሪያቸው ናይትሮጂኔዝ የሚባል፣ ብረትና ሞሊብዲነም ያለበት ኢንዛይም ነው። ሥራው ግን ርካሽ እንዳይመስላችሁ፤ አንዲት የናይትሮጅን ሞለኪውል ለመፍታት ሕዋሱ ቢያንስ 16 የኃይል ሞለኪውሎች ያቃጥላል። ኢንዛይሙም ኦክስጅን ሲነካው ይሞታል። ስለዚህ እነዚህ ባክቴሪያዎች ሁለት ነገር ይፈልጋሉ፤ ስኳር የሚያበላቸውና ከአየር የሚከልላቸው። የተክል ሥር ሁለቱንም ይሰጣል።

የባቄላን፣ የሽምብራንና የአተርን ጉዳይ ትምህርት ቤት ተምረነዋል። በሥራቸው ላይ ያሉትን እባጮች ሁላችንም በሥዕል አይተናል። ሄልሪገልና ቪልፋርት የተባሉ ጀርመናውያን በ1880ዎቹ እባጮቹ ናይትሮጅን እንደሚሰጡ አረጋገጡ፤ ሆላንዳዊው ማርቲኑስ ቤየሪንክ በ1888 ባክቴሪያውን ለይቶ አወጣው። ገበሬዎቻችን ባክቴሪያውን በስም ባያውቁትም ከጤፍ ቀጥሎ ባቄላ ወይም ሽምብራ መዝራት እንደሚበጅ ያውቁ ነበር። የሳር ነገር ግን ለረጅም ጊዜ ተዘለለ። ሳር እባጭ የለውም። ሥሩን ብትነቅሉት የሚታይ ነገር የለም። በዚያ ላይ ስንዴና በቆሎ ናይትሮጅን የሚጨርሱ እንጂ የሚያመጡ ስላልሆኑ "ሳር በላተኛ ነው" ተብሎ ታለፈ። ቤየሪንክ ራሱ በ1925 ጠምዛዛ ቅርጽ ያለው አንድ ናይትሮጅን የሚያስር ባክቴሪያ መዝግቦ ነበር። ለሃምሳ ዓመት ያህል ዞር ብሎ ያየው ሰው ጥቂት ነው።

ያየችው ስደተኛ ሴት ናት። ዮሃና ዶበራይነር በ1924 ቼኮስሎቫኪያ ውስጥ የተወለደች፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሙኒክ ላይ ግብርና የተማረች፣ ከዚያም ወደ ብራዚል የተሰደደች ተመራማሪ ናት። ሪዮ ዴ ጄኔሮ አጠገብ ሴሮፔዲካ በሚባል ቦታ ባለ የመንግሥት የግብርና ተቋም ውስጥ ገባች። እዚያ አካባቢ በየሜዳው የሚበቅል አንድ ተራ ሳር ነበር፤ ማንም ማዳበሪያ አይሰጠውም፣ ዓመቱን ሙሉ ግን አረንጓዴ ነው። ናይትሮጅኑን ከየት ያመጣዋል? ሥሩን መረመረችና በ1966 በዚያ ሳር ሥር ዙሪያ ብቻ በብዛት የሚገኝ አዲስ የባክቴሪያ ዝርያ ይፋ አደረገች። በ1970ዎቹ ደግሞ የቤየሪንክን ጠምዛዛ ባክቴሪያ ከሌሎች ሳሮች፣ ከበቆሎና ከማሽላ ሥር ላይ አገኘችው። በ1978 አዞስፒሪለም የሚል ስም ወጣለት።

ባክቴሪያውን የምታወጣበት መንገድ ደስ ስለሚለን ትንሽ እንቆይበት። ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ እንደ ቀጭን ሙቅ የላላ ፈሳሽ ይደረጋል፤ ውስጡ ማሊክ አሲድ የተባለ ምግብ አለው፣ ናይትሮጅን ግን ጭራሽ የለውም። ቀለም የሚለውጥ ነገር ይጨመርበታል። ከዚያ የሳር ሥር ቁራጭ ይገባና ለጥቂት ቀናት ይቀመጣል። ናይትሮጅን ከአየር መውሰድ የማይችል ሁሉ እዚያ ይራባል። የሚችለው ግን ከላይ ኦክስጅኑ ስለሚጎዳው፣ ከታች ደግሞ መተንፈስ ስለማይችል፣ ልኩ የሚመቸው ጥልቀት ላይ ይሰፍራል፤ ከፈሳሹ ወለል ጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ነጭ ስስ መጋረጃ ይዘረጋል። ፈሳሹም ከአረንጓዴ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። በቃ፣ ይኼው ነው። ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም። ጥሩ ሐሳብ እንዲህ ርካሽ ሲሆን ደስ አይልም?

ዜናው ዓለምን አዞረ። "ከእንግዲህ በቆሎና ማሽላ ራሳቸውን ያዳብራሉ" ተባለ፤ ጋዜጦች ጮሁ። ከዚያ ብርዱ መጣ። ሥር ተቆርጦ ሌሊቱን ሙሉ ከቆየ በኋላ የሚለካበት ዘዴ ቁጥሩን አጋንኖት ነበር፤ በዚያ ሌሊት ባክቴሪያው ይራባልና። በትክክል ሲለካ ከአየር የተገኘው ናይትሮጅን ብዙ ጊዜ ከተወራው በጣም ያነሰ ሆነ። እንዲያውም አዞስፒሪለም የተቀባ ዘር የተሻለ የሚያድግበት ዋና ምክንያት ናይትሮጅኑ ሳይሆን ባክቴሪያው የሚያመነጨው ሆርሞን ሥሩን ስለሚያበዛው ነው የሚሉ በዙ። ሥሩ ሲበዛ አፈር ውስጥ ያለውን ውኃና ምግብ የበለጠ ይሰበስባል። ስለዚህ ማንም መጥቶ "ይህችን ጠርሙስ ብትቀቡ ዩሪያ ደህና ሰንብት" ቢላችሁ አትመኑት። እኛ ግን ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ ብለን አናምንም፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ሴትዮዋ ሴሮፔዲካ ላይ ሳር ስትነቅል፣ እዚህ እኛ ዘንድ ምን ይሠራ ነበር? ከድሬ ተነስታችሁ የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት ከወጣችሁ አለማያ ትደርሳላችሁ። የእርሻ ኮሌጁ በአሜሪካ መንግሥት እርዳታ በኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች አማካይነት ተቋቁሞ መጀመሪያ ጅማ ላይ ማስተማር ጀመረ፤ በ1956 ወደ አለማያ ተዛወረ፤ ጃንሆይ በጥር 1950 ዓ.ም. በይፋ መረቁት። ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የምንለው ነው። ድሬ ውስጥም ቶኒ ፋርም የሚባለው የምርምር ቦታ የዚያው ነው። የአገሪቱ የማሽላ ማሻሻያ ሥራ የተጀመረው እዚህ ተራራ ላይ ነው፤ በምክንያትም ነው። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላን እንደ ልጁ የሚያውቅ ነው። ከተራራው የሚዘራው ረጅሙ ማሽላ ሌላ፣ ድሬ ቆላ የሚዘራው ሌላ።

ከአለማያ በ1973 ከተመረቁት ተማሪዎች አንዱ ገቢሳ እጄታ ነበር። በኋላ አሜሪካ ሄዶ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የማሽላ አርቢ ሆነ፤ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኘ። ከሥራዎቹ ትልቁ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ነው። አቀንጭራ የሚያምር ሐምራዊ አበባ አለው፤ ለገበሬው ግን መርዶ ነው፤ ሥሩን ከማሽላው ሥር ጋር አጣብቆ ደሙን ይመጠዋል። ዘሩ አፈር ውስጥ ዓመታት ተኝቶ ይጠብቃል። የሚነቃው የማሽላ ሥር አንድ ኬሚካል ሲያፈስስ ነው። ማሽላው ያንን ኬሚካል የሚያፈሰው ለምን መሰላችሁ? አፈሩ ሲደኸይበት፣ ፎስፈረስና ናይትሮጅን ሲያጣ፣ የሚረዱትን የአፈር ፈንገሶች ለመጥራት ነው። ወዳጅ ሲጣራ ጠላት ይሰማል። ገቢሳና ባልደረቦቹ ያደረጉት ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚጣራ ማሽላ መፈለግ ነው፤ ጎቢዬና አብሽር የተባሉት ዝርያዎች በ2000 አካባቢ እዚህ አገር የወጡት በዚሁ መንገድ ነው። ከዚህ ታሪክ የምንይዘው አንድ ነገር አለ፤ አቀንጭራ የድሃ አፈር በሽታ ነው። ናይትሮጅን ያጣ ማሳ ላይ ይበረታል።

ማዳበሪያው የመጣውም በዚያው ዘመን ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት በ1967 ግድም በየክፍለ ሀገሩ የማሳያ ማሳ እያዘጋጀ ለገበሬው አሳየ፤ ቀጥሎ እነ ጭላሎ የእርሻ ልማት መጡ። ዳፕና ዩሪያ የገጠሩ ቋንቋ ሆኑ። ይህ ሁሉ ናይትሮጅን በየት ነው የሚገባው? በጅቡቲ። ድሬ ደግሞ የጅቡቲ መንገድ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በአሮጌው ባቡር ዘመን በላገሀር፣ በኋላ በከባድ መኪና፣ በ2016 ከተመረቀው አዲሱ ባቡር ወዲህ ደግሞ በኤሌክትሪክ ሐዲድ፣ ከሩቅ አገር ጋዝ ተቃጥሎ የተሠራ ናይትሮጅን በደጃችን ሲያልፍ ኖሯል። ከበላዩም የምንተነፍሰው አየር ውስጥ ተመሳሳዩ ናይትሮጅን በነጻ ተንጠልጥሏል። አቦ፣ ይህን ስናስበው አንዳንዴ ያስቀናል!

በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲነሳ የዩሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ከነበረው ከእጥፍ በላይ ናረ፤ ገበሬው ከረጢቱን በስንት እንደገዛው ወላጆቹ ገጠር ያሉት አንባቢ ይነግራችኋል። መንግሥትም በነሐሴ 2017 ዓ.ም. መፍትሔ ያለውን ፈረመ፤ የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ከናይጄሪያው ዳንጎቴ ግሩፕ ጋር በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ጎዴ ላይ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመሥራት ተስማማ። ጋዙ ከኦጋዴን ይመጣል። ሐሳቡን አንቃወምም። ሦስት ሚሊዮን ቶን የሚያህል ነገር በሳር ሥር ባክቴሪያ ይተካል የሚል ቅዠትም የለንም። ግን የሚቢሊዮኑ ፋብሪካ በዜና ሲደመቅ፣ የነጻዎቹ ሠራተኞች ጉዳይ ለምን የመመረቂያ ጽሑፍ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል? እዚህ አገር ለባቄላ፣ ለሽምብራና ለአኩሪ አተር የሚሆን ባክቴሪያ አባዝቶ የሚሸጥ መናገሻ ባዮቴክ የሚባል ድርጅት አለ፤ ጥሩ ጅምር ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም የጤፍ ሥር ባክቴሪያዎችን ለይተው ጤፍ ላይ ሞክረው እድገቱን እንደሚረዱት አሳትመዋል። ነገር ግን ከሙከራ እስከ ማሳ ያለው መንገድ ከድሬ እስከ ደንገጎ እንዳለው ዳገት ነው።

አሁን ብራዚልን እንመለስባት። እዚያ ያሉት ሰዎች ብርዱ ሲመጣ አልተበተኑም። የዶበራይነር ተማሪ የነበረችው ማሪያንጄላ ኡንግሪያ ከብዙ የአዞስፒሪለም ዝርያዎች መካከል በብራዚል አፈር ላይ የሚሠሩትን ለዓመታት አማርጣ ወጣች። ዛሬ የብራዚል ገበሬ በቆሎውንና ስንዴውን ሲዘራ የሚቀባው የእሷን ምርጥ ነው፤ በቆሎ ላይ በኋላ የሚበተነውን ናይትሮጅን ሩብ ያህሉን መቀነስ እንደሚያስችል የእነሱ ጥናቶች ያሳያሉ። ሩብ ነው፤ ሁሉም አይደለም። ሩብ ግን ገንዘብ ነው። በ2025 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኘችው እሷ ናት። እንግዲህ በ2009 ያ ሽልማት ከአለማያ ለተነሳ የማሽላ ሰው፣ በ2025 ለሥር ባክቴሪያ ሴት ተሰጠ። የሁለቱ ሥራ የሚገናኝበት ማሳ ካለ የሐረርጌ የማሽላ ማሳ ነው።

የብራዚሉ ታሪክ ከእኛ ጋር የሚገናኝበት ሌላም መንገድ አለ፤ ይህ ደግሞ ትንሽ ያማል። በ1984 እና 1985 የሳር ዘር ሰብሳቢዎች ምሥራቅ አፍሪካን ሲዞሩ ከወለጋ አንድ የብራኪያሪያ ሳር ዘር ወሰዱ። በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ላይ ከ1974 ጀምሮ የነበረው ዓለም አቀፍ የከብት ምርምር ማዕከልም ተባባሪ ነበር። ዘሩ ኮሎምቢያ ደረሰ፤ ከዚያ ወደ ብራዚል ተሻገረ፤ ተመርጦ በ2007 ገደማ "ፒያታ" በሚል ስም ለገበሬ ተለቀቀ። ብራኪያሪያዎች ደግሞ ከናይትሮጅን አሳሪ ባክቴሪያ ጋር በሚገባ የሚኖሩ ሳሮች ሆነው ተገኝተዋል፤ ብራዚል በድሃ አፈሯ ላይ ያን ያህል ከብት የምታረባበት አንዱ ምክንያት እሱ ነው። ሳሩን የሰጠነው እኛ፣ ስም ያወጡለት እነሱ። የጤፍን ነገር አስታወሳችሁ? አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ የባለቤትነት መብት አስመዝግቦ የሄግ ፍርድ ቤት በ2018 እስኪሰርዘው ድረስ ስንት ዓመት ራሳችንን አመመን። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 የዘረመል ሀብታችንን ያለ ፈቃድ ማውጣት ይከለክላል። አንድ እፍኝ አፈር በላስቲክ ይዞ የሚወጣን ሰው ኬላ ላይ ማን ያስቆመዋል? ስለ ባክቴሪያ ማን ይጠይቀዋል?

ይህ ቀልድ አይደለም፤ ምክንያቱ የሜክሲኮ በቆሎ ነው። ሴራ ሚሄ በሚባል ተራራ ያሉ ገበሬዎች የሚዘሩት አንድ የጥንት በቆሎ አለ፤ ከመሬት በላይ ከአገዳው የሚወጡ ወፋፍራም ሥሮች አሉት፤ ዝናብ ሲመጣ እንደ ንፍጥ ያለ ዝልግልግ ነገር ያንጠባጥባሉ። ያ ዝልግልግ ስኳር አለው፣ ኦክስጅን አያስገባም፣ ውስጡ ባክቴሪያ ሞልቷል። በ2018 የታተመው ጥናት በቆሎው ከሚያስፈልገው ናይትሮጅን ከ29 እስከ 82 በመቶውን ከአየር እንደሚያገኝ አሳየ። ለአርባ ዓመት "ሳር ይህን ያህል አይችልም" ሲሉ የነበሩት ዝም አሉ። ከናሙናው የሚገኘው ጥቅም ከመንደሩ ሰዎች ጋር እንዲካፈል ውል ተፈርሟል፤ ውሉ ፍትሐዊ ነው አይደለም የሚለው ክርክር ግን ቀጥሏል። ከዚያ ወዲህ ተመራማሪዎች ወደ ማሽላ ዞረው፣ እንዲህ ያለ ዝልግልግ የሚያወጡ ወፍራም የአየር ሥር ያላቸው ማሽላዎች አግኝተዋል።

ማሽላ! የእኛው ማሽላ! የማሽላ ዓይነት እንደ ኢትዮጵያ የተትረፈረፈበት አገር ጥቂት ነው። ቫቪሎቭ የተባለው ሩሲያዊ በ1927 በጅቡቲ ገብቶ፣ በድሬ በኩል በሚያልፈው ባቡር መጥቶ፣ ከኢትዮጵያ ከስድስት ሺህ በላይ የዘር ናሙና ይዞ የሄደው ወዶ አይደለም። ከ1976 ጀምሮም የራሳችን የዘር ባንክ አለን፤ ዛሬ የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ይባላል፤ በሺዎች የሚቆጠር የማሽላ ዘር በብርድ ክፍል ያስቀምጣል። ከእነዚያ ውስጥ ዝናብ ሲመታው ከአገዳው ዝልግልግ የሚያንጠባጥብ የትኛው እንደሆነ ገበሬ ከሁላችንም ቀድሞ ያየዋል። የሚጠይቀው ሰው ብቻ ነው የሚፈልገው።

ወደ ሜዳችን እንመለስ። በሽንሌ በኩል ያሉ ሱማሌ አርብቶ አደሮች ዳሬሞ የሚሉት ሳር አለ፤ ከብት የሚወደው፣ ድርቅ የሚችል። ሌላም ሴንክረስ የሚባል አለ፤ አውስትራሊያ ሄዶ አገር የወረረ የእኛ ሰፈር ሳር ነው። የደረቅ አገር ሳሮችን ከአሸዋ ውስጥ ቀስ ብላችሁ ብትነቅሏቸው የብዙዎቹ ሥር ባዶውን አይወጣም፤ አሸዋው እንደ ካልሲ ተለጥፎበት ይወጣል። ሥሩ በሚያወጣው ሙጫና በጸጉሮቹ አሸዋውን ይዞ ራሱን ያለብሳል፤ እርጥበት እንዳያመልጠው። አሜሪካኖች በ1979 በዩታ በረሃ ሳሮች ላይ እንዳሳዩት ናይትሮጅን አሳሪዎቹ በዚያ የአሸዋ ካልሲ ውስጥ ይኖራሉ። በረሃ ላይ ያለ ማዳበሪያ ሳር እንዴት ይበቅላል ብሎ ለሚገረም ሰው መልሱ ካልሲው ውስጥ ነው።

እነዚህ ሳሮች እየሄዱ ነው። በ1970ዎቹ ለጥላና ለበረሃ መከላከያ ተብሎ የመጣው ፕሮሶፒስ መጀመሪያ ከተተከለባቸው ቦታዎች አንዷ ድሬ እንደሆነች ይነገራል፤ ዛሬ ከዚህ እስከ አፋር ሜዳውን ውጦታል። ቀልዱ ምን መሰላችሁ፣ ፕሮሶፒስ ራሱ በሥሩ እባጭ ናይትሮጅን የሚያስር ዛፍ ነው። አፈሩን ያዳብራል፣ ሳሩን ግን ከሥሩ አያስጠጋም። ቅንጬ አረም የሚባለውም ፓርቴንየም በዚሁ በድሬና በሐረር በኩል ነው አገር ውስጥ መግባቱ መጀመሪያ የታወቀው። ተራራው ደግሞ ተራቁቷል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ደቻቱ በሌሊት ሲመጣ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ከላይ ዝናቡ ሲወርድ የሚይዘው ሥር አልነበረም። ሳር በሥሩ አሸዋ ይዞ የሚያቆመው ለራሱ ብሎ ነው፤ ታች ለምንኖረው ግን ልዩነቱ ሕይወት ነበር።

የዘር ባንኩ ዘሩን ሲያስገባ ያጸዳዋል፣ ያደርቀዋል፣ በብርድ ያስቀምጠዋል። ጥቂት ባክቴሪያ በዘሩ ውስጥ ተደብቆ አብሮ ይገባል፤ አብዛኛው ግን ሥሩ ላይ፣ አሸዋው ላይ ይቀራል። ሜዳው ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ለሐረማያና ለድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ልጆች ግን አንድ ነገር እንንገራችሁ፤ ያ የዶበራይነር ብልቃጥ የሚፈልገው ማሊክ አሲድ፣ ጥቂት ጨዋማ ነገሮች፣ የቀለም ጠብታና ከሳምንት ያነሰ ጊዜ ነው። ሙቀት ማቆያ ሣጥን ካጣችሁም፣ ድሬ ላይ በግንቦት ሳጥኑ አያስፈልግም፤ ከመኝታ ቤታችሁ መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ ይበቃል። ሥሩን ከዳሬሞ፣ ከሴንክረስና ከቶኒ ፋርም ዳር ካለው ማሽላ ቆርጣችሁ አምጡ።